ጠርዙ እስኪጠፋ፦ የሲኒ ትሪን በወረቀት ሥዕል የማስጌጥ መመሪያ

ዲኮፓዥ ከወረቀት ላይ ተቆርጦ የወጣን ሥዕል በእንጨት፣ በሸክላ፣ በብርጭቆ ወይም በቆርቆሮ ዕቃ ላይ ማጣበቅ፣ ከዚያም በላዩ ስስ ቫርኒሽ ደጋግሞ በመቀባት የሚያየው ሰው ሥዕሉ በዕቃው ላይ የተሣለ እንጂ የተለጠፈ እንዳይመስለው ማድረግ ነው። ስሙ «ቆርጦ ማውጣት» የሚል ፍቺ ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። በአውሮፓ ሥራው የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ያኔ ከቻይናና ከጃፓን የሚገባው የላከር ዕቃ፣ ማለት እንደ ቫርኒሽ ተደራርቦ በሚቀባ አብረቅራቂ ሽፋን የተለበጠው ዕቃ፣ ዋጋው የማይቀመስ ስለ ነበር፣ የቬኒስ ባለሙያዎች የታተሙ ሥዕሎችን እየቆረጡ በሣጥንና በጠረጴዛ ላይ ለጥፈው ቫርኒሽ እየደራረቡ ለዓይን የሚቀራረብ ዕቃ መሥራት ጀመሩ። ጣልያኖች ይህን ሥራ «የድሃ ላከር» ይሉታል፤ በባሳኖ ከተማ የነበረው የሬሞንዲኒ ማተሚያ ቤትም ተቆርጠው እንዲለጠፉ የታሰቡ ሥዕሎችን አትሞ ይሸጥ ነበር።

እጄ አርጅቷል፣ ጊዜው አልፎብኛል ለሚል ሰው ሁልጊዜ የማነሣው የሜሪ ዴላኒን ታሪክ ነው። እኒህ እንግሊዛዊት ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ካለፈ በኋላ ባለ ቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ በጥቁር ወረቀት ላይ አበባዎችን ማጣበቅ ጀመሩ፤ ዓይናቸው ደክሞ እስኪያቆሙ ድረስም ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራዎችን ሠርተዋል፤ ሥራዎቹም ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛሉ። የእርሳቸው አሠራር ቫርኒሽ የሌለበት ስለሆነ ከዲኮፓዥ ይለያል፤ የመቀሱ ጥበብና ትዕግሥቱ ግን አንድ ነው።

እኛም በወሎ ለወረቀትና ለሙጫ እንግዶች አይደለንም። በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ከዱቄት በተሠራ ሙጫ ጋዜጣ ለጥፎ ቤት ማሳመር የብዙዎቻችን የልጅነት ትዝታ ነው። በቤተ ክርስቲያንም የቀደሙት ሠዓሊዎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በግድግዳው ላይ የማጣበቅ ልማድ ነበራቸው፤ ዛሬ በግድግዳው ላይ የተሣለ የሚመስለን ብዙው ሥዕል ቀርበው ሲያዩት የጨርቁ ጫፍ ይታያል።

በደሴ እሑድ ከምሳ በኋላ ተሰብስበን የምንቆርጥ ጥቂት ሰዎች አለን፤ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጎረቤቴ የሆኑ እናት ነን። ቡናው እየተቆላ መቀስ ይሠራል፤ ኮላ ግን ቡናው ከተጠጣና ሲኒው ከተነሣ በኋላ እንጂ ቀድሞ አይከፈትም። የሥራችን መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ ያለቀውን ዕቃ ዓይንን ጨፍኖ በጣት ጫፍ መዳሰስ ነው። ጣት የወረቀቱን ጠርዝ ካገኘው ሥራው ገና ነው። ከዚህ በታች የምገልጸው እያንዳንዱ ደረጃ፣ ከአቆራረጡ እስከ መጨረሻው ቫርኒሽ ድረስ፣ ለዚያች አንዲት ጠርዝ ሲባል የሚደረግ ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት የእንጨት የሲኒ ትሪ ነው፤ ሙቀትም ውሃም ስለሚያገኘው በእርሱ ላይ የተሳካለት ሰው ሌላው ዕቃ አይከብደውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ያልተቀባ ወይም ቀለሙ የተገፈፈ የእንጨት ትሪ፣ ቁጥር 120፣ ቁጥር 220 እና ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ ስቱኮ፣ ለመደብ (ከሥዕሉ ሥር ለሚቀባው) የሚሆን ፕላስቲክ ቀለም፣ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ፣ በውሃ የሚቀጥን ጥርት ያለ ቫርኒሽ፣ ፀጉራቸው ለስላሳ የሆነ ሁለት ብሩሾች፣ ጫፉ የሾለ ትንሽ መቀስ፣ አንድ አዲስ ምላጭ፣ ስፖንጅና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያዘጋጁ። ገንዘብ የሚጠይቀው ቫርኒሹና መቀሱ ነው፤ በእነዚህ በሁለቱ ላይ አይቆጥቡ። የዱቄት ሙጫ ለግድግዳ ጋዜጣ አገልግሏል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይጥና በረሮ ስለሚስብ፣ በእርጥበትም ስለሚሻግት አይሆንም።

ወቅቱን መምረጥ

ብዙ መመሪያዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ በእኛ አገር ግን ሥራን የሚያበላሸው ከእጅ ስሕተት ይልቅ አየሩ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከቤት ይገባል፣ በበልግም ዝናቡ ይመለሳል። በእንዲህ ያለው አየር ኮላው ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ እርጥብ ይሆናል፤ እርጥበት ባለበት የተቀባ ቫርኒሽም ወተት የፈሰሰበት መስሎ ሊደበዝዝ ይችላል። ቅዝቃዜም የራሱ ጣጣ አለው፤ ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ብርድ ሲደርቅ ጥርት ብሎ በመያያዝ ፈንታ የኖራ ዱቄት መስሎ ሊነጣና የመያዝ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር፣ ቀኑ ብራ ሌሊቱ ግን ውርጭ በሚሆንበት ጊዜ፣ ማጣበቁን ረፋድ ላይ ይጀምሩና ዕቃውን ሌሊት ከውጭ በር አጠገብ አያሳድሩት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ለሚኖሩት ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ሙቀት ስላለ ኮላው ወረቀቱ ሳይስተካከል ይይዛል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ ኮላ አይቀቡ።

የመጀመሪያ ትሪዬን የሠራሁት በሐምሌ ነበር። ወረቀቱ የደረቀ መስሎኝ በማግሥቱ ቫርኒሽ ቀባሁበት፤ በሦስተኛው ቀን ሥዕሉ በአምስት ቦታ አብጦ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ሆነ። ትሪውን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁና «እትዬ፣ ያን ሁሉ ቀን የቆረጥሁት ተበላሸ» አልኋቸው። እርሳቸውም በመዳፋቸው ደባብሰው አዩትና «አብሽሪ ልጄ፣ ልፋትሽ አይደለም ያጠፋው፤ አላሳደርሽውም። እንዲህ ያለው ነገር ይደር ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ዘንድ «ይደር» የሥራ ቃል ሆኗል፤ ከዚህ በታች ይደር ባልሁበት ቦታ ሁሉ በበጋ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ በክረምት ሁለት ቀን ማለቴ ነው።

ትሪውን ማዘጋጀት

እንጨቱ የደረቀ መሆን አለበት። ገና ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ በላዩ የተለጠፈውንም ወረቀት ይሰነጥቃል፤ ዋንዛ ግን ቀላልና ለሥራ የሚመች፣ ቅርጹንም የሚጠብቅ እንጨት ስለሆነ ከተገኘ ይመረጣል። ቤት ውስጥ ለዓመታት ያገለገለ አሮጌ ትሪ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ መጣመሙን ጨርሷልና። የምስማርና የስንጥቅ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልተው ካደረቁ በኋላ በቁጥር 120፣ ቀጥሎም በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ጭረት ተከትለው ይፈግፍጉ። አቧራውን በረጠበ ጨርቅ ጠርገው የመደቡን ቀለም ሁለት ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ በሁለቱ መካከል ከደረቀ በኋላ በቁጥር 220 ቀለል አድርገው ያለስልሱት። የመደቡ ቀለም ከሥዕሉ ወረቀት ቀለም ጋር በተቀራረበ ቁጥር ጠርዙ ለዓይን ቶሎ ይጠፋል፤ ለጀማሪ የወተት ወይም የገብስ እንጀራ ዓይነት ደብዛዛ ነጭ እመክራለሁ።

ሥዕሉን መምረጥ

ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ቀለሙ የጠነከረ፣ ሥዕሉም ትልቅ ስለሆነ ተወዳጅ ነው፤ ጉድለቱ ውፍረቱ ነው። ወፍራም ወረቀት ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፣ ከፍ ያለ ጠርዝም ብዙ ቫርኒሽ ይበላል። መፍትሔው ወረቀቱን ከጀርባው ማሳሳት ነው፤ ሥዕሉ ያለበትን ፊት አንድ ጊዜ በስስ ቫርኒሽ ቀብተው ካደረቁት በኋላ ጀርባውን በረጠበ ስፖንጅ ያርሱትና ሲለሰልስ በጣት ጫፍ ክብ ክብ እያሉ ይሹት፤ ወረቀቱ እንደ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይለቃል። ከጠርዙ ወደ መካከል ሳይሆን ከመካከል ወደ ጠርዝ ይሹ፤ ሥዕሉ ከጀርባ ጥላው መታየት ሲጀምር ያቁሙ።

የመጽሔት ወረቀት ስስ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ገጽ የታተመ ስለሆነ ሲረጥብ የጀርባው ጽሑፍ በፊቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከመቁረጥዎ በፊት ትንሽ ቁራጭ አርሰው በነጭ ነገር ላይ ይሞክሩት። የገበታ ሶፍት ሥዕሉ ያለበት በላይኛው ሽፋን ብቻ ስለሆነ የታችኞቹን ነጭ ሽፋኖች ነጥለው ያንን አንዱን ይጠቀሙ፤ እጅግ ስስ ስለሆነ ጠርዙ ወዲያው ይጠፋል፣ ዳሩ ግን በብሩሽ ሲነካ ስለሚቀደድ ለጀማሪ አይመችም።

ከቤተሰብ ፎቶግራፍ ለሚሠሩ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ዋናውን ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይቁረጡ፤ ኮፒ ያስደርጉ። ኮፒውም በቶነር የሚሠራ የሌዘር ፕሪንተር ውጤት መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቶነር በሙቀት ወረቀቱ ላይ የቀለጠ ዱቄት ስለሆነ ውሃ አያስለቅቀውም፣ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ያተመው ግን ብዙውን ጊዜ ኮላ ሲነካው ይፈሳል። እኔ የአያቴን ፎቶግራፍ በአንድ ማተሚያ ቤት አሳትሜ፣ ጠይቄም ሌዘር ነው ተብዬ፣ ወደ ቤት ወሰድሁት። ብሩሹ ገና የነጠላቸውን ጥለት ሲነካ ቀዩ ቀለም ወደ ጉንጫቸው ፈሰሰ፤ ለመጥረግ ስሞክር ፊታቸው ሐምራዊ ሆነ። ዋናው ፎቶግራፍ በእጄ ባይኖር ኖሮ ያን ፊት ዳግመኛ አላየውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ምን ቢለኝ የኮፒውን ጥግ በረጠበ ጣት ሳልሻ አልቆርጥም።

ስለ ሥዕሉ ይዘትም አንድ ነገር ልበል። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ሲኒ የሚቀመጥበት፣ ቡና የሚንጠባጠብበት ትሪ ላይ የቅዱሳን ሥዕል ወይም የቁርአን ቃል ማኖር አይገባም፤ እነርሱ ለግድግዳ ክፈፍ ይቆዩ። ለትሪ አደይ አበባ፣ ወፎች፣ የሐይቅ ገጽታ፣ የጥበብ ጥለት፣ የቡና ቅርንጫፍ ከነፍሬው ይስማማዋል።

አቆራረጥ

ከመቁረጥዎ በፊት የወረቀቱን ፊት በውሃ በቀጠነ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ቀብተው ያድርቁት፤ ቀለሙን ያትማል፣ ወረቀቱንም ስለሚያጠነክረው መቀሱ አይጎትተውም። ይህን በማሳሳቱ ጊዜ ያደረገ ሰው መድገም አያስፈልገውም።

መጀመሪያ የሚቆረጠው ውስጡ ነው። በቅጠልና በቅጠል መካከል፣ በወፍ ክንፍና በገላዋ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በምላጭ ወይም በመቀሱ ጫፍ በስተው ያውጡ፤ በዙሪያው ያለው ወረቀት ገና እንዳለ ለእጅ መያዣ ይሆናል። የውጭውን ዙሪያ በመጨረሻ ይቁረጡ። በዚህ ጊዜ መቀስ የያዘው እጅ ባለበት ይቆያል፣ የሚዞረው ወረቀቱን የያዘው እጅ ነው። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ ለእጅ ግን ሁለት ሦስት እሑድ ይፈጃል። መቀሱን በጥቂቱ ወደ ውጭ አዘንብለው ከያዙት የወረቀቱ ጠርዝ ከላይ ወደ ሥር ገባ ብሎ ይቆረጣል፤ ነጩ የወረቀቱ ሥጋ ወደ ታች ስለሚሰወር ከላይ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ይሆናል።

እንደ ሐረግ ቀጫጭን የሆኑ ሥዕሎች እስኪጣበቁ ድረስ ይሰበራሉ። ለእነዚህ ድልድይ ያስቀሩላቸው፤ በሁለት ቅርንጫፎች መካከል ስንጥር የምታህል የወረቀት ማያያዣ ሳትቆረጥ ትቆይና ኮላ ሊቀባ ሲል ትነሣለች። ጡረተኛዋ መምህርት ከአንድ የካላንደር ገጽ ላይ የጽጌረዳ ሐረግ ሲቆርጡ ዐሥራ አንድ ድልድዮች አስቀርተው አይቻለሁ፤ ሐረጉ በመጽሐፍ መካከል ሳምንት ሰንብቶ አንዲት ቅጠል እንኳ ሳትጎድል ወጣ። የተቆረጠው ሁሉ እስኪሠራ ድረስ በመጽሐፍ መካከል ወይም በፖስታ ውስጥ ይቀመጥ።

የቀለም እርሳስ ካለዎት የተቆረጠውን ጠርዝ በተመሳሳይ ቀለም በስሱ ዳሰስ ያድርጉት፤ ነጭ መስመር የሚቀር ከሆነ ይሸፍነዋል።

መደርደር

ኮላ ሳይከፈት ቁራጮቹን በደረቁ ትሪ ላይ ደርድረው ሲኒዎቹን ከነማስቀመጫቸው ያስቀምጡባቸው። ስድስት ሲኒ ከተደረደረ በኋላ የማይታይ ሥዕል በከንቱ ተለፋበት ማለት ነው። እኔ ትልቁን ሥዕል ወደ አንድ ጥግ አድርጌ ቅጠሎቹን በዳሩ ላይ አስኬዳቸዋለሁ፤ መካከሉን ባዶ መተው አያስፈራዎት። ድርድሩ ደስ ሲያሰኝዎት በስልክ ፎቶ አንሥተው፣ በእርሳስ ነጥብ ቦታውን አመልክተው ያንሡት።

ማጣበቅ

በሦስት ሲኒ ኮላ አንድ ሲኒ ውሃ ጨምረው ያዋሕዱ፤ ከብሩሹ ሲንጠባጠብ እንደ ወተት ሳይሆን እንደ እርጎ መሆን አለበት። ከዚህ ከቀጠነ ወረቀቱን ያሸበሽበዋል፣ ከወፈረ ከሥር እየተጠራቀመ ጉብታ ይሠራል።

ወረቀት ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዲኮፓዥ የሚታየው ሽብሽብ ሁሉ ምንጩ ይህ ነው። ስለዚህ ወፈር ያለውን ቁራጭ ጀርባውን በረጠበ ስፖንጅ ነካ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ መለጠጡን ከመጣበቁ በፊት ይጨርስ። ከዚያ ሥዕሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ከሥዕሉ ስፋት በጥቂቱ አስበልጠው ኮላ ይቀቡ፣ በወረቀቱም ጀርባ ላይ፣ በተለይም በጠርዙ፣ ስስ ኮላ ይቀቡ። ቁራጩን በሁለት እጅ ይዘው መካከሉን መጀመሪያ ያሳርፉ፣ ጫፎቹን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ቦታውን ስቶ ከሆነ ገና እርጥብ ስለሆነ በጣት መዳፍ ማንሸራተት ይቻላል፤ አይንቀሉት።

አሁን የሥራው ልብ ላይ ደርሰናል። ውሃ ነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ በጣት ላይ ጠቅልለው ከመካከል ወደ ውጭ፣ እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው፣ ሳይቸኩሉ ይጫኑ። ከሥር የተረፈው ኮላና አየር በጠርዙ በኩል ሲወጣ ይታያል፤ የወጣውን ወዲያው በስፖንጅ ይጥረጉ፣ ከደረቀ አብረቅራቂ ጠባሳ ይተዋል። ቀጥሎ በጥፍር ጀርባ የጠርዙን ዙሪያ አንድ በአንድ ይጫኑ። ጨርሰዋል ሲሉ ትሪውን ወደ መስኮት ወስደው በአግድም ከዓይን ትክክል ያንሡት፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ከላይ ሲያዩት ያልታየች የተነሣች ጫፍ ሁሉ ጥላ ትጥላለች። እያንዳንዷን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ኮላ ነክተው ያስተኟት። ይህን የመስኮት ምርመራ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይድገሙት፤ የተኛች ጫፍ ስትደርቅ መልሳ ትነሣለችና።

ከዚያ ይደር። ለማፋጠን ብለው ፀሐይ ላይ ወይም ከከሰል ምድጃ አጠገብ አያኑሩት፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከሥር የቀረው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። በማግሥቱ እብጠት ካገኙ አይደንግጡ፤ በምላጭ ጫፍ የሥዕሉን መስመር ተከትለው ትንሽ ሰንጠቅ ያድርጉት፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ኮላ ያስገቡበት፣ በረጠበ ጨርቅ ጫን አድርገው ለስላሳ ፌስታል ሸፍነው መጽሐፍ ይጫኑበት። ፌስታሉ መጽሐፉ እንዳይጣበቅ ነው።

ቫርኒሽ መቀባት

ነጭ ኮላ ራሱ ሲደርቅ ጥርት ስለሚል በላዩ ቀብተውት ሥራውን የሚያበቁ አሉ። ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል፤ ለትሪ ግን አይሆንም፣ ተራው ነጭ ኮላ ውሃ ሲያገኘው መልሶ ይለሰልሳልና የረጠበ ሲኒ ነጭ ክብ ይተውበታል። ትሪ ቫርኒሽ ይፈልጋል። በውሃ የሚቀጥነው ቶሎ ይደርቃል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ቀለሙን አይለውጥም። በቲነር የሚቀጥነው የዘይት ቫርኒሽ በጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ ያደላል፤ ለአሮጌ ፎቶግራፍ ይህ ሙቀት ይሰጠዋል፣ ለነጭ መደብ ግን ጉዳት ነው። የዘይቱን ከመረጡ መስኮት ከፍተው፣ የቡናው ከሰል ከቤት ወጥቶ፣ ከእሳት ርቀው ይቀቡ፤ የጠረጉበትንም ጨርቅ ጨብጠው ጥግ አይጣሉት። በዘይት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ እየጋለ ሊቀጣጠል ስለሚችል ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

የመጀመሪያውን ሽፋን በአግድም ከቀቡ ሁለተኛውን በቁም ይቀቡ፤ እንዲህ እየተፈራረቀ የብሩሹ መስመር ይጠፋል። እያንዳንዱ ሽፋን ስስ ይሁን። አንድ ወፍራም ሽፋን የሦስት ስስ ሽፋኖችን ሥራ አይሠራም፤ ይንጠባጠባል፣ ውስጡም ሳይደርቅ ይቀራል። እየደረቀ ሳለ አቧራ እንዳይገባበት ካርቶን ገልብጠው ይሸፍኑት፣ ካርቶኑን ግን አየር እንዲያገኝ በአራት ቡሽ ከፍ ያድርጉት።

ከአምስተኛው ሽፋን በኋላ ይደር። በማግሥቱ ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ነክረው፣ በእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልለው፣ ምንም ሳይጫኑ በላዩ ያስኪዱት። ላዩ ሁሉ ደብዝዞ ሲታይ የሥዕሉ ጠርዝ ባለበት ብቻ የሚያብረቀርቅ መስመር ይቀራል፤ ያ መስመር ቫርኒሹ ገና ያልሞላው እርከን ነው። ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ሁለት ሽፋን ጨምሮ እንደገና ማለስለስ ነው፤ መስመሩ በየጊዜው እየቀጠነ ይሄዳል። በስስ ወረቀት ሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ሽፋን ይበቃል። የጥንቱ አሠራር 30 እና 40 ሽፋን ድረስ ይደርስ ነበር፤ ይህን ያህል የደከሙበትን ዕቃ በእጅ ሲይዙት ሥዕሉ ከመስተዋት ሥር ያለ ይመስላል። በማለስለስ ላይ ሳሉ ባለ ቀለም ውሃ ካዩ ወዲያው ያቁሙ፤ ቫርኒሹ አልቆ ሥዕሉን መፈግፈግ ጀምረዋል። ያን ቦታ አድርቀው ሦስት ሽፋን ሳይጨምሩ ብርጭቆ ወረቀት አያስጠጉበት።

በመጨረሻው ሽፋን ላይ ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎን ያስኪዱ።

ሸክላና ብርጭቆ

አንገቱ የተሰበረ ጀበና ወይም አሮጌ ገንቦ ለአበባ ማስቀመጫ ሲሠራ ሸክላው ኮላውን ስለሚመጥ አስቀድሞ በቀጠነ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀባል። በክብ ዕቃ ላይ ትልቅ ሥዕል ስለሚሸበሸብ ወደ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፈል። ብርጭቆ በአልኮል ተወልውሎ ከስብ ካልጸዳ ኮላ አይዝም። ሌላው አሠራር ከትሪው ጋር አንድ ነው።

አያያዝና ጥገና

ቫርኒሹ ለእጅ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ትሪው ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም ሳይጫንበት ይቀመጥ፤ ጋዜጣም ሆነ ፌስታል በላዩ አያኑሩ። ከዚያ በኋላ ቢሆንም ጀበና ከእሳት ወርዶ በቀጥታ አይቀመጥበትም፤ ማቶቱ ከትሪው ውጭ ይሁን። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ሲቀዳ የፈሰሰው ወዲያው ይጠረግ። ቆሎና ፈንዲሻ በሰሐን ሆኖ ይቅረብበት እንጂ ቫርኒሹ ላይ አይዘርገፍ። የሚታጠበው በረጠበ ጨርቅ ነው፤ በውሃ አይነከርም። በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ንጹሕ የንብ ሰም በለስላሳ ጨርቅ ነክተው ቢወለውሉት ትኩስ መልክ ይይዛል። ሰም የነካው ትሪ ግን ሰሙ በቲነር ተጠርጎ ካልለቀቀ አዲስ ቫርኒሽ አይዝም፤ ከመጠገንዎ በፊት ይህን ያስታውሱ።

ጀበና ያቃጠለው ነጭ ክብ ቢታይ ብዙውን ጊዜ የተጎዳው የላይኛው ቫርኒሽ ብቻ ነው። ሰሙን ያስለቅቁ፣ ክቡን ብቻ ሳይሆን የትሪውን ፊት በሙሉ በቁጥር 400 በውሃ ያለስልሱ፣ ነጩ ከጠፋ በኋላ አራት ስስ ሽፋን ይቀቡ። ወረቀቱ ራሱ ከተላጠ ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ የተረፉትን ቅጠሎች ከፖስታው አውጥተው በላዩ አንዲት ቅጠል ያጣብቁና ይደር፤ ከዚያ ጠርዟ እስኪጠፋ ሁለት ሁለት ሽፋን እየጨመሩ፣ በየመካከሉ እያለሰለሱ ይቀጥሉ።